ዶርስ ላይ ከ90 ማለፍ አቃተኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው የቆርቆሮው?

የሄርማታ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ያላችሁ ደግሞ፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?

ጉዳዬ ሮብሎክስ የሚባለው የጌም መድረክ ላይ ያለው ዶርስ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንድ የጨለመ ሆቴል ውስጥ ትገባለህ። በር እየከፈትክ እስከ 100ኛው ክፍል ትሄዳለህ። መሣሪያ የለም፣ መደባደብ የለም። መደበቅ፣ መሮጥና ማዳመጥ ብቻ። ጌሙ ከወጣ ቆይቷል፣ ነሐሴ 2014 ነው የወጣው። እኔ ግን የጀመርኩት ዘንድሮ ነው።

50ኛውን ክፍል፣ ላይብረሪውን፣ በስንት መከራ አለፍኩ። አሁን ያስቸገረኝ መጨረሻው አካባቢ ያለው ግሪንሃውስ ነው፣ ከ90 እስከ 99 ያለው። እዚያ ስድስት ጊዜ ሞቻለሁ። ስድስቱንም የበላኝ ራሽ የሚባለው ከክፍል ክፍል እየከነፈ የሚያልፈው ጭራቅ ነው። ስድስቱንም መምጣቱን ሳላውቅ።

ሌላ ቦታ ራሽ ሲነሳ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አይቼ ቁም ሳጥን ውስጥ እገባለሁ፣ ያልፋል። ግሪንሃውስ ውስጥ ግን ብልጭ የሚል መብራት የለም። ድምፁን ሰምተህ ነው የምትደበቀው። እኔ የምጫወተው ማታ ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ወሩ ክረምት ነው። ቀሪውን እናንተ ጨርሱት።

ስልኬ ሁለተኛ እጅ ነው፣ ራሙ 3 ጂቢ። ኤርፎኔ አንድ ጆሮው ሞቷል። "ጌሙን ተወው" የሚለውን ምክር እናቴ በየቀኑ ስለምትሰጠኝ እሱን ዝለሉት።

ፈረንጅ_አራዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

የሐምሌን የጅማ ዝናብ ራሽ ቢሰማው እሱ ራሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ቡና_ለቃሚ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

እኔማ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪች የሚባለው ጭራቅ "ፕስስት" ሲለኝ ታናሽ እህቴ መስላኝ "አቤት" ብያለሁ። ነከሰኝ።

ሰላም_ከጂሬን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

የሄርማታው፣ ሰላም ነው? እኔ ጂሬን ነኝ፣ የኛም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። በደንብ ነው የገባኝ። 16 ጊዜ ጨርሼዋለሁ፣ ሁሉንም በስልክ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ነው።

መጀመሪያ ጣትህ። ስልክ ላይ ግራ አውራ ጣትህ እግርህ ነው፣ ቀኙ ደግሞ ዓይንህ። ሁሉም ሰው እግሩን ያውቅበታል። ዓይኑን ግን አላሠለጠነውም። በር ይከፍታል፣ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ራሽ ሲመጣ ነው "ቁም ሳጥን የት አለ?" የሚለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

እንዲህ ተለማመድ። ቀለል በሚሉት የመጀመሪያ ክፍሎች ላይ በር ስትከፍት ወዲያው አትግባ። እዚያው ቆመህ በቀኝ ጣትህ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ አንዴ ቃኘው። መደበቂያው የት ነው? ቀጣዩ በር የት ነው? ሁለቱን ካወቅህ ግባ። በሦስት ቀን ውስጥ ሳታስበው የምታደርገው ነገር ይሆናል።

የካሜራውን ፍጥነት ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ጨምረው። ጣትህን አንዴ ስትጎትት ፊትህ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መዞር አለበት። ይሄ የሚያስፈልግህ ሃልት ለሚባለው ጭራቅ ነው። ያ ረጅሙ ሰማያዊ ኮሪደር ላይ "ዙር" ሲልህ ሁለቴ ሦስቴ እየጎተትክ የምትዞር ከሆነ ደርሶብሃል። ግራፊክሱን ግን አውቶማቲክ ላይ አትተወው፣ በእጅህ ዝቅ አድርገው። በ3 ጂቢ ስልክ ጌሙ የሚንቀራፈፈው ልክ መሮጥ ሲኖርብህ ነው።

አሁን ወደ ኔትወርኩ። ሰርቨሩ ሩቅ ነው፣ የኔ ፒንግ (የሰርቨሩ መልስ የሚደርስበት ጊዜ) ጥሩ በሚባል ቀን 200 ሚሊሰከንድ ነው። መራመዱ አይታወቅህም፣ እሱን ስልክህ ራሱ ነው የሚሠራው። በር መክፈትና ቁም ሳጥን መግባት ግን የሰርቨሩን መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ ዋይፋይ ያለው ልጅ በመጨረሻዋ ሰከንድ ዘሎ ሲገባ ቪዲዮ አይተህ እንዳትሞክረው። እኛ ቀድመን ነው የምንገባው። ቀድመህ ገብተህ ግን እዚያ እንዳታድር፣ ሃይድ የሚባለው ጭራቅ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስትቆይ ጤናህን ቀንሶ ያባርርሃል። ስክሪኑ መቅላት ሲጀምር ውጣ።

ስለ ጆሮ ነገ እጽፋለሁ። መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። (እውነቴን ነው፣ ራሽ አይደለም።)

ፈረንጅ_አራዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ሰላም፣ ቶሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ግቢ።

የሰሚር_አባት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:15

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ልጄ ሰሚር 11 ዓመቱ ነው፣ ይህንኑ ጌም ነው የሚጫወተው። ትናንት ማታ በእንቅልፍ ልቡ "ሲክ መጣ" ብሎ ቤቱን አናወጠው። ዛሬ ደግሞ "ስሞት እንዲያስነሳኝ ብር ይፈልጋል" አለኝ። ሞቶ ለመነሳት ብር የሚያስከፍል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ምንድነው ነገሩ? አደጋ አለው?

ሰላም_ከጂሬን
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። አይጨነቁ።

ብር የተባለው እውነት ነው። ሮበክስ የሚባል የሮብሎክስ ገንዘብ አለ፣ በእውነተኛ ብር ነው የሚገዛው። ሲሞቱ በሱ መነሳት ይቻላል። ግን ግድ አይደለም። እኔ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም። ደግሞ በክፍያ የተነሳ ልጅ ለምን እንደሞተ አይማርም፣ እዚያው ነገር ላይ ተመልሶ ይሞታል። ሮብሎክስ ላይ የወላጅ አካውንት ከፍተው ከሰሚር ጋር ማገናኘት ይችላሉ። የሚያወጣውን ብር መገደብ፣ ጓደኞቹ እነማን እንደሆኑ ማየት ይቻላል።

ጌሙ ደም የለበትም። ድንገት እየወጣ ያስደነግጣል እንጂ። ሲክ ያለው ጥቁር ሆኖ ከወለሉ ተነስቶ የሚያሳድድ ነው። ከመምጣቱ በፊት ግድግዳው ላይ ዓይኖች ይወጣሉ። ለልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት ጥሩ አይደለም፣ እሱን ቢከለክሉት ደስ ይለኛል። ቀን ላይ፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው፣ ምንም አይል።

አዌቱ_ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

እኔ በሰላም ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሄርማታውን ልጅ ምን ያስጨንቀዋል፣ ከጓደኞቹ ጋር ቢገባ አይሻልም? አራት ሆነን ነው የምንጫወተው። አንዱ ካልሰማ ሌላው ይሰማል። ላይብረሪው ራሱ በአራት ሰው እንዴት እንደሚቀል አይተሃል? መጽሐፎቹን ተከፋፍለን ነው የምንሰበስበው።

እና ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለምን አትጫወትም? እኛ ሰፈር ያን ሰዓት ዝናብም የለም፣ ኔትወርኩም ይፈጥናል።

ሰላም_ከጂሬን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15

ላይብረሪውን በተመለከተ ትክክል ነህ። ግሪንሃውስን ግን በቡድን አልመክርም። ራሽ የሚነሳው አዲስ በር ሲከፈት ነው። ማን እንደከፈተው አያገባውም። አንድ ቸኳላ ጓደኛ ካለህ እሱ 94ን ሲከፍት አንተ ገና 92 ላይ ከሣር ጋር ትታገላለህ። ራሽ ደግሞ ከኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚያገኘው አንተን ነው፣ በሩን የከፈተውን አይደለም።

ብቻህን ስትሆን ግን በሩም ጊዜውም የአንተ ነው። እኔ ግሪንሃውስ ውስጥ በር ከፍቼ አልገባም። ወደ ቅርቡ መደበቂያ እመለስና አጠገቡ ቆሜ እስከ 5 እቆጥራለሁ። ምንም ካልተሰማ እቀጥላለሁ። አዎ፣ ያሰለቻል። አሥር ክፍል ብቻ ነው፣ ቻለው።

አሁን የጆሮው ጉዳይ። የሄርማታው፣ ያ አንድ ጆሮው የሞተ ኤርፎንህን ጣልከው እንዴ? ካልጣልከው አውጣው። ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚል አለ፣ እዚያ ሞኖ ኦዲዮ የሚለውን አብራ። በግራና በቀኝ የሚመጣው ድምፅ ተደባልቆ በአንዱ ጆሮ ይገባልሃል። ይህን ካላደረግህ ግማሹ ድምፅ የሞተው ጆሮ ውስጥ ነው የሚቀረው።

"አቅጣጫውን በምን አውቃለሁ?" ካልክ፣ ለራሽ አቅጣጫ አያስፈልግህም። ሁልጊዜ ከኋላህ ነው። የሚያስፈልግህ መምጣቱን ማወቅ ብቻ ነው። ለስክሪች ግን ችግር ነው፣ "ፕስስት" ካለህ ወዴት እንዳለ ዞር ዞር ብለህ ፈልገህ ዓይን ለዓይን ማየት አለብህ። ካሜራህን ፈጣን አድርግ ያልኩህ ለዚህም ነው።

የሄርማታ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ሞኖ ኦዲዮ! ሁለት ዓመት ይዤው የኖርኩት ስልክ ላይ ነው ያለው። እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ኤርፎኑ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ እስካሁን ካልበሰበሰ ጥሩ ነው።

አዌቱ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እኔ ሰው አይደለሁም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ክሩሲፊክሱን፣ ያንን መስቀል፣ 52 ላይ ካለው የጄፍ ሱቅ ብገዛውና ግሪንሃውስ ድረስ ባቆየውስ?

ፈረንጅ_አራዳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ይሠራል። ራሽ ሲመጣብህ ክሩሲፊክሱን ከያዝክ እሱን ያስረውና አንተ ትተርፋለህ። ነገር ግን አንድ ችግር አለው። በእጅህ መያዝ አለበት፣ ቦርሳህ ውስጥ መሆኑ አይጠቅምም። እጅህ ደግሞ አንድ ዕቃ ነው የሚይዘው። ግሪንሃውሱ ጨለማ ነው። ባትሪውን ከያዝክ ክሩሲፊክስ የለህም። ክሩሲፊክሱን ከያዝክ ወለሉ ላይ ያለው ስኔር የሚባል ወጥመድ አይታይህም፣ ረግጠኸው ይይዝሃል። ከሁለት አንዱን ምረጥ።

በነገራችን ላይ ጌም ቤት አለኝ፣ ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱ ስላላችሁ እሱንም ላንሳ። ኮምፒውተር ላይ በደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ነው የምትሄዱት፣ በማውሱ ነው የምታዩት፣ በኢ ነው የተቆለፈ በርና መሳቢያ የምትከፍቱት። ማውሱ ከጣት ይሻላል፣ ዙር ሲል ዙር ነው። ላይብረሪው ውስጥ ቁም ሳጥን ገብታችሁ ፊገር የሚባለው የዚያ ክፍል ጭራቅ ሲጠጋ የልብ ምቱ ጨዋታ ይመጣል፣ ልብ በመጣ ቁጥር ኪው ወይም ኢ በሰዓቱ መጫን ነው። ስልክ ላይ በስክሪኑ ግራና ቀኝ መንካት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ እዚያ ሞተ። ሦስቴም "ተጭኛለሁ እኮ!" ይላል። እኔ ደግሞ በልቤ "ቀሽም" እለዋለሁ። በኋላ ስሞክረው ኪቦርዱ ላይ ኪው አይሠራም። ከሥሩ የዳቦ ፍርፋሪ ገብቶበት። የአንድ ሰዓቱን ሒሳብ መለስኩለት። ከመግባታችሁ በፊት ኪቦርዱን ሞክሩት፣ በተለይ እኔ ጋ ስትመጡ።

ቡና_ለቃሚ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:10

እኔ ገና ላይብረሪው ላይ ነኝ፣ አትሳቁብኝ። ፊገር በየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ገና አንድ መጽሐፍ ሳነሳ ይይዘኛል።

ሰላም_ከጂሬን
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:45

ፊገር ዕውር ነው፣ አያይህም፣ ይሰማሃል እንጂ። ስለዚህ አጎንብሰህ ሂድ። ሁልጊዜ። እሱ ሩቅ ነው ብለህ ቀና አትበል። ወደ አንተ እየመጣ ከሆነ ደግሞ መደርደሪያውን ዙሪያውን ዞረህ አሳልፈው። ቁም ሳጥን የመጨረሻ አማራጭህ ይሁን፣ ያ የልብ ምት ጨዋታ በኛ ፒንግ አይመከርም።

የመውጫ በሩ ኮድ 5 አኃዝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ቅደም ተከተሉን ይነግሩሃል፣ መጽሐፎቹ ደግሞ የትኛው ምልክት ስንት እንደሆነ። አራቱን ካገኘህ አምስተኛውን አትፈልገው። ቁልፉ ጋ ሄደህ ከ0 እስከ 9 ሞክር። አሥር ሙከራ ከፊገር ጋር አንድ ዙር ከመዞር ይቀላል።

የሰሚር_አባት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

ልጆች፣ ምክራችሁን ሰምቼ የወላጁን አካውንት ከፈትኩ። ማታ መጫወት ተከልክሏል። ሰሚር አኩርፏል።

ስለ ዝናቡ የምትሉትን ሳነብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ያደግኩት አጋሮ አካባቢ ገጠር ነው። በቆሎው ሲያፈራ ማታ ማታ ማማ ላይ ወጥተን ከርከሮና ጃርት እንጠብቅ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቅጠሉን ይመታዋል፣ ምንም አይሰማም። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ጆሮዬን አሹዬ ከዝናቡ በላይ የሚጮህ ነገር እጠብቅ ነበር። ከርከሮ ግን አይጮህም። በልቶ ይሄዳል። ጠዋት አባቴ የተሰበረውን በቆሎ ይቆጥርልኛል።

በኋላ አባቴ ምን አለኝ፣ "ዝናቡን እንደ ዝምታ ቁጠረው።" ዝናብ አንድ ዓይነት ነው፣ ሽሽሽ እንዳለ ይቀጥላል። ጆሮ ከለመደው ይተወዋል። ከዚያ የሚለወጥ ነገር ካለ ይሰማሃል፣ ትንሽ ቢሆንም። ቅጠል ሲሰበር፣ ዝናቡ በአንድ በኩል የሳሳ ሲመስል። ያ ልጅ በር ከፍቶ እስከ 5 ሲቆጥር ራሹን አይጠብቅ። ዝናቡን ይልመደው። ራሹ ራሱ ይመጣል።

ጌሙን ስለማላውቅ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ።

ፈረንጅ_አራዳ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:34

ጋሼ፣ እኛ ስንት ዓመት ቪዲዮ ስናይ ኖርን።

ሰላም_ከጂሬን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:02

ልክ ነዎት ጋሼ። የራሽ ድምፅ ከትንሽ ተነስቶ እየጨመረ ነው የሚመጣው። ሲያስደነግጥህ ለመደበቅ ረፍዷል። መጨመር ሲጀምር ነው መያዝ ያለበት። እኔ የማደርገው ይህንኑ ነበር፣ ግን እንዲህ ብዬ መናገር አልቻልኩም ነበር።

ራሽን የሚመስለው ሌላ ጭራቅ፣ አምቡሽም፣ በዚሁ ነው የሚለየው። ድምፁ ሌላ ነው፣ ደግሞ አንዴ አልፎ አይቀርም፣ ተመላልሶ ይመጣል። ራሽ መስሎህ ከቁም ሳጥን ወጥተህ መሄድ ከጀመርክ ሲመለስ ያገኝሃል።

የሄርማታ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:10

ስሙኝማ።

ዛሬ ማታ ገባሁ። ውጭ ዝናብ፣ ያውም በረዶ የቀላቀለ። ኤርፎኑ በአንድ ጆሮ፣ ሞኖው በርቷል። ሌላውን ጆሮዬን በትራስ። ላይብረሪውን በአራት አኃዝ አለፍኩት፣ አምስተኛውን ገመትኩ፣ 7 ላይ ተከፈተ። ሲክን ሁለቱንም ጊዜ አመለጥኩ። ግሪንሃውስ ደረስኩ። እጄ ላብ በላብ፣ ጣቴ ስክሪኑ ላይ ይንሸራተታል፣ በየክፍሉ በሱሪዬ እጠርገዋለሁ።

92 ላይ ቆምኩ፣ 5 ቆጠርኩ። ዝናብ። 93፣ ዝናብ። 94ን ከፍቼ ተመለስኩ። አንድ፣ ሁለት... እና ዝናቡ ሥር የሆነ ነገር ወፈረ። ሌላ ምን ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ወፈረ። ገባሁ። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ራሽ ቤቱን አናውጦ አለፈ። ጮህኩ። እናቴ "ምን ሆንክ?" አለች። "ተረፍኩ" አልኳት።

97 ላይም መጣ፣ ተረፍኩ። 100 ደረስኩ። 100 ላይ ፊገር በላኝ። ግን 100 ነው! ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም።

አሁን 100 ላይ ምን እንደሚደረግ ንገሩኝ። እኔ ገብቼ ቀጥ ብዬ ሮጥኩ፣ ያ እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ሰላም_ከጂሬን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:25

እንኳን ደስ ያለህ!

100 ላይ አትሮጥም። ላይብረሪው ነው፣ በሌላ ልብስ። እያጎነበስክ 10ሩን ማብሪያዎች ሰብስብ፣ ወደ ሰሌዳው ውሰዳቸው። ከዚያ ሰሌዳው ቁጥር ያሳይሃል፣ የትኛው እንደሚበራና የትኛው እንደሚጠፋ ተከተለው፣ ሳትቸኩል። ተሳስተህ እንደገና ከመጀመር ቀስ ማለት ይሻላል። ሊፍቱ ሲሠራ ነው የምትሮጠው። ያኔ ወደ ኋላ አትይ።

አዌቱ_ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:31

ከዚያ ማይንስ የሚባለው ሁለተኛው ፎቅ አለልህ፣ ነሐሴ 2016 የወጣው፣ ከ101 እስከ 200። ይቺ ክር ገና አታልቅም።

የሰሚር_አባት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:48

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ።

ሰሚር ተኝቷል። ስልኩን ይዤ እኔ ገብቼበት ነበር፣ እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ። 32ኛ ክፍል ደርሻለሁ። አሁን ግድግዳው ሁሉ ዓይን ሆነ። ምን ላድርግ?

ሰላም_ከጂሬን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:49

ጋሼ፣ መጻፉን ትተው ይሩጡ!